ያለ ኮምፒዩተር ስለ ኮምፒዩተር ማስተማር ይቻላል ወይ?

እኛ ከማስተማር ልምምድ ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። የብዙዎቻችሁን ወሬ በመመገቢያ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ሰምተናል። ማን በተማሪ ጥያቄ እንደ ተፋጠጠ፣ ማን ጠመኔ አልቆበት በከሰል እንደ ጻፈ፣ ማን የ40 ደቂቃውን ትምህርት በ15 ደቂቃ ጨርሶ ላብ እንዳጠመቀው ሁሉ ደርሶናል። የኛን ግን እስካሁን አልተናገርንም። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ኀፍረት ነው። አሁን ዝግጅት ክፍሉ ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ትምህርት የምትጽፉ ካላችሁ ብሎ ማስታወቂያ ስለ ለጠፈ፣ ኀፍረታችንን ዋጥ አድርገን እነሆ ብለናል።

ሦስት ሆነን የተመደብነው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት፣ አራተኛ ክፍል ነው። የክፍሉ ተማሪዎች 68 ናቸው፤ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የተሰጠን ርእስ «ስለ ኮምፒዩተር መግቢያ» የሚል ሲሆን አራት ክፍለ ጊዜ ተመድቦለታል። ርእሱን ስናይ ደስ አለን፤ ምክንያቱም በግቢው ጥግ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የኮምፒዩተር ክፍል» ተብሎ የተጻፈበት በር አይተን ነበር። ደስታችን ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ሆነ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሥልጠና ሄደዋል፤ ሥልጠናው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቀን ስናይ ኮምፒዩተሮቹ ነጭ ጨርቅ ተከናንበው እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እውነቱን እንናገር። እኛስ ብንሆን ኮምፒዩተርን የት እናውቀዋለን? ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው። «ኪቦርድ ማለት መረጃ የምናስገባበት መሣሪያ ነው» እያልን ሸመደድን። ማውስን ጅራቱን ሳይቀር አሳምረን በእርሳስ ሳልን። ፈተናም መጣ፤ አለፍን። ከሦስታችን አንዷ ማሠልጠኛ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውስ ስትይዝ፣ ጠረጴዛው ላይ ማንሸራተቱን ትታ ወደ ስክሪኑ አነጣጥራ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ትጫነው ነበር። (ይህን የጻፍነው በፈቃዷ ነው።) አሁንማ ስልክ በየኪሳችን አለ፤ ቪዲዮ እናያለን፣ መልእክት እንላላካለን። ነገር ግን ስልክ መነካካት ሌላ፣ ስልኩ የታዘዘውን እንዴት እንደሚፈጽም ማወቅ ሌላ ነው። አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ መካኒክ አይባልም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደረሰ። የካርቶን ሳጥን ቀደን ኮምፒዩተር ሠራንና በየክፍሉ ላይ ስሙን ጻፍንበት። መርጃ መሣሪያችን ያማረ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ኮርተንበታል። «ሞኒተር!» ስንል 68ቱም «ሞኒተር!» ይላሉ። «ኪቦርድ!» ስንል «ኪቦርድ!» ግድግዳው ተናጋ። ይህ ሁሉ እየተካሄደ ሳለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስንት ሲደመር ስንት፣ ስንት እንደሚሆን በምን ያውቃል?»

ካርቶኑን አየን፤ እርስ በርሳችን ተያየን። «ሲሠራ ተደርጎበት ነው የሚመጣው» አልነው። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «ማን አደረገበት?» አለ። «ፈረንጆች» አልን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ደወሉ ባይደወል ምን እንል እንደ ነበር እንጃ። ከክፍል ስንወጣ ግን የክፍሉ ኃላፊ መምህር «ጥሩ ነው፤ ክፍሉን ተቆጣጥራችኋል» አሉን። በዚያው ሳምንት አሥር ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና አወጣን፤ «ኪቦርድ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውም አለበት። ይህን ፈተና አትርሱብን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ማታ በተከራየነው ክፍል ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «ምን አስጨነቀን? ትርጉሙን አስተምረን፣ ነጥባችንን ይዘን እንሂድ» አለ። ሌላው ወገን «ልጁ የጠየቀው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱን ሳናውቅ መምህር ነን ብለን እንዴት እንቆማለን?» አለ። የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ መምህራችን ከመሄዳችን በፊት «አንብቡት» ብለው የሰጡን ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ሳንገልጠው ከሻንጣችን ሥር ተኝቷል። እሱን አወጣን።

ጽሑፉ የሚናገረው ፈረንጆቹ «ኮምፒዩቴሽናል ቲንኪንግ» ስለሚሉት ነገር ነው። እኛ «ስሌታዊ አስተሳሰብ» ብለነዋል። ቃሉ ሒሳብን ብቻ ያስመስላልና ሙሉ በሙሉ አልወደድነውም፤ የተሻለ ያላችሁ በኅዳግ ላይ ጻፉልን። ነገሩ ይህ ነው። አንድን ከባድ ሥራ በትንንሹ መቆራረጥ፣ ቁርጥራጩን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን» ማለት፣ የሚደጋገመውን ለይቶ ማወቅ፣ ሥራው ሲበላሽም የተበላሸበትን እርምጃ ፈልጎ ማግኘት። ጃኔት ዊንግ የተባሉ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህርት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ይህ ችሎታ እንደ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ሁሉ ለማንኛውም ልጅ የሚገባ ነው ብለው ተከራክረዋል። ቃሉን ከሳቸው በፊት ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅመውበታል። እንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከአምስት ዓመት ልጅ አንሥቶ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አስገብታዋለች።

ይህን ስናነብ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ጋደም ያለው፣ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈው ጓደኛችን ብድግ አለ። «ይሄማ ባሕረ ሐሳብ ነው!» አለ።

«እንዴት?» አልነው። ወረቀት አቀረበ። እስቲ እናንተም አብራችሁ አስሉት። 2018 ላይ 5500 ደምሩ፤ 7518 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም ይሉታል። ይህን ለ4 አካፍላችሁ የሚተርፈውን ተዉት፤ 1879 ነው፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱን ደምሩ፤ 9397። ለ7 አካፍሉ፤ የሚተርፈው 3 ነው። 1 ከተረፈ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፤ 2 ከተረፈ ረቡዕ፤ 3 ከተረፈ ሐሙስ፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። 2018 የገባው ሐሙስ ቀን መሆኑን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ስናካፍል ደግሞ የሚተርፈው 3 ከሆነ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ካልሆነ 5። 2019ን ራሳችሁ ሞክሩት፤ ዓርብ ካልወጣላችሁ አንዱን እርምጃ ዘላችኋል ማለት ነው።

እኛ አፋችንን ይዘን ቀረን። ልብ በሉ፤ የሚያሰላው ሰው ብልህ ይሁን ሞኝ፣ ሽማግሌ ይሁን ልጅ፣ እርምጃዎቹን ሳይዘል እስከ ሄደ ድረስ መልሱ አንድ ነው። ኮምፒዩተርም የሚሠራው በዚህ ዓይነት እንጂ በሌላ ተአምር አይደለም። እንዲህ ያለውን የእርምጃ ቅደም ተከተል «አልጎሪዝም» ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበሩት ከሒሳብ ሊቁ ከአል ኽዋሪዝሚ ነው። አዲሱ የሚባለው ነገር ያን ያህል አዲስ አለመሆኑን ስናውቅ ፍርሃታችን ቀለለ። ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አዲስ ዕቅድ ነደፍን።

ዕቅዱ ይህ ነበር። ያ ጓደኛችን ማሽን ይሆናል። ልጆቹ ትእዛዝ ይሰጡታል፤ እሱ የታዘዘውን ብቻ፣ ቃል በቃል ይፈጽማል። ሥራው ከጀሪካን ወደ ኩባያ ውሃ መቅዳት ነው። ከክፍሉ በር አጠገብ ባለ 10 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጦ ስላገኘን ሳንጠይቅ አነሣነው። የት/ቤቱ መስሎን ነበር።

መጀመሪያ ልጆቹ «ክዳኑን ይክፈቱ» አሉ። «ማሽን አንቱ አይባልም፤ አንተ በሉት» ብለን ፈቀድን። ይህ ብቻውን ክፍሉን ግማሽ አሳበደው። «ክዳኑን ክፈት!» ማሽኑ ክዳኑን ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። «አዙረው!» ጀሪካኑን በሙሉ ያዞረዋል። «ክዳኑን ወደ ግራ እያዞርክ ክፈት!» ተከፈተ፤ ጭብጨባ። «ቅዳ!» ማሽኑ ቀዳ፤ ኩባያው በሌለበት፣ ወለሉ ላይ። ሳቅ። «ኩባያው ውስጥ ቅዳ እንጂ!» ቀዳ። ኩባያው ሞላ፤ ማሽኑ ግን አቁም አልተባለምና ቀጠለ። ውሃው ከኩባያው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ጫማው ይወርዳል። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጓደኛችንም ተዋናይነቱ ተሳክቶለት እጁን አላጠፈም። እኛ ሁለታችን ደግሞ ጥግ ይዘን «አቁም የሚለው ሰው እስኪገኝ!» እያልን እንስቃለን።

«ኧረ ውሃው!»

የመጨረሻው ዴስክ ላይ አንዲት ልጅ ተነሥታ ቆማለች። አትስቅም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል እንዲህ አለች፤ «የኩባያው አፍ ሁለት ጣት ሲቀረው አቁም! ጀሪካኑን ቀና አድርግ! ክዳኑን ግጠም!»

ማሽኑ ቆመ። ክፍሉም ጸጥ አለ። ልጅቱ ተቀመጠችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ያ ለአራት ክፍለ ጊዜ ልናስተምረው የነበረ ነገር ሁሉ በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ። «ሁለት ጣት ሲቀረው አቁም» ማለት ድግግሞሽን በሁኔታ መገደብ ነው። ሙሉ እስኪሆን አላለችም፤ ጀሪካኑ ቀና እስኪል ድረስ የሚወርደውን ጭምር አስልታለች። እኛ ግን ይህን ያስተዋልነው ኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ያየነው እንባዋን ብቻ ነበር። ከክፍል በኋላ ስንጠይቅ ውሃው የሷ መሆኑን ሰማን። ት/ቤቱ ቧንቧ የለውም፤ ልጆች ለእጅ መታጠቢያ ተራ በተራ ከቤታቸው ያመጣሉ፤ ያን ቀን ተራው የሷ ነበር። ከግማሽ በላዩን እኛ ወለል ላይ አፍስሰነዋል።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሦስታችንም ጀሪካን ተውሰን ቦኖ ሄድን። ቦኖ ላይ ሰልፉ የሰው ሳይሆን የጀሪካን ነው። የቦኖዋ እናት «እናንተ ደግሞ የማን ልጆች ናችሁ?» አሉን። «መምህራን ነን እማማ፤ ለልምምድ የመጣን» ስንል «ታዲያ መምህር ውሃ ይቀዳል?» ብለው ሳቁብን። እዚያው ልጅቱን አገኘናት። አይታን ልትደበቅ ቃጣት፤ ኋላ ግን እኛም ጀሪካን መያዛችንን ስታይ ጠጋ አለች።

የምትጠብቀው ሦስት ጀሪካን ነው። አንዱ የቤቷ፣ ሁለቱ የጎረቤት። ሰልፍ ላይ ቆማ ግን አትጠብቅም። «ከፊቴ ያለው 8 ከሆነ አልሄድም። ከ8 በላይ ከሆነ ሄጄ ወንድሜን አልብሼ እመለሳለሁ» አለችን። «ውሃው ከቀጠነስ?» አልናት። «ያኔ 5ም ቢሆን እሄዳለሁ፤ እደርስበታለሁ።» «በምን አወቅሽ?» «አንድ ቀን ተራዬ አለፈኝ። ከዚያ በኋላ ቆጠርኩ።»

ተሳስታ፣ የተሳሳተችበትን ፈልጋ፣ ደንቡን አሻሻለች ማለት ነው። ማንም አላስተማራትም። ስሟን በክፍሉ ኃላፊ መምህር መዝገብ ላይ ፈልገን ስናገኘው «አርፋጅ፤ ደካማ» የሚል ማስታወሻ አጠገቡ ነበር። የምታረፍደው በቦኖው ምክንያት ነው። ሦስት ጀሪካን ውሃ ይዘን አብረናት ት/ቤት ገባን፤ ያን ቀን እኛም አረፈድን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ እንናገራለን። ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ያስተማርነው ሜዳ ላይ፣ ከሻይ ቤት በለመንነው አመድ ነው። ሲሞር ፓፐርት ከዎሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 «ሎጎ» የተባለ የልጆች የኮምፒዩተር ቋንቋ ሠርተው ነበር። ልጁ «ኤሊ» የሚባል ነገር ወደፊትና ወደ ጎን እያዘዘ ሥዕል ያሥላል። ፓፐርት ልጆቹ ሲቸገሩ «እስቲ አንተ ራስህ ኤሊ ሁንና ሂድበት» ይባሉ ዘንድ ይመክሩ ነበር። እኛም አንዱን ልጅ ቀዳዳ ያለው የአመድ ቆርቆሮ አስይዘን ኤሊ አደረግነው። «4 እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር» እየተባለ ሲሄድ አራት ማዕዘን ወጣ። ወዲያው አንዱ «ሁሌ ከምንደጋግመው አራት ጊዜ በለው በቃ!» አለ። ሦስት ማዕዘን ሲሞክሩ ግን ሦስት ጊዜ ቢዞርም መስመሩ አልገጠም። የተፈጠረው ጭቅጭቅ የመንደር ሽምግልና ይመስል ነበር። በመጨረሻ «ትንሽ በዛ አድርገህ ዙር» ብለው አስገጠሙት። እኛ አንድም ቃል አልተናገርንም፤ ይህን ስንል ትንሽ እየከበደን ነው፤ ምክንያቱም ዝም ማለት ከማስተማር ይልቅ አስቸግሮናል።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ለዚያ «በምን ያውቃል?» ላለው ልጅ የተከፈለ ዕዳ ነው። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲው ቲም ቤል ከኢያን ዊተንና ከማይክ ፌሎውስ ጋር ሆነው፣ ያለ ኮምፒዩተር የኮምፒዩተርን ነገር የሚያስተምሩ ጨዋታዎች አሰባስበዋል። ከነዚያ አንዱን ወሰድን። የመርጃ መሣሪያ ካርቶናችንን ቀደን አምስት ካርድ ሠራን፤ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጠብጣብ አደረግንባቸው። አምስት ልጆች ካርዱን ይዘው ይቆማሉ፤ ካርዱ ወይ ይታያል ወይ ይገለበጣል፤ ሌላ ምርጫ የለም። «13 አሳዩን» ስንል 8፣ 4 እና 1 ይታያሉ። በአምስት ካርድ ብቻ እስከ 31 ድረስ ማንኛውም ቁጥር ይወጣል። «1 ላይ 1 ብንደምርስ?» አለ ያ ልጅ። «1ዱ ይገለበጣል፣ 2ቱ ይታያል፤ በእጅ ያዝ እንደምትለው ነው» አልነው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ስለዚህ ምንም አያውቅም ማለት ነው፤ መገልበጥ ብቻ ነው የሚያውቀው» አለ። ጠዋት ማታ ኮምፒዩተር አዋቂ ነው ሲባል ለምንሰማ ለኛ ይህ አባባል ትልቅ ነገር ነው።

(እግረ መንገዳችንን፤ በፈረንጆች መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ብዜት» እየተባለ የሚጠራ ዘዴ አለ። 13ን በ24 ለማባዛት 13ን እየገመሱ፣ ትራፊውን እየተዉ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ 24ን እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከጎዶሎዎቹ ማለትም ከ13፣ ከ3 እና ከ1 አንጻር ያሉትን መደመር፤ 24፣ 96ና 192፣ በድምሩ 312። የትኞቹ እንደሚደመሩ የሚወስኑት እነዚያው የ13 ካርዶች፣ 1፣ 4 እና 8 ናቸው። ዘዴው በጥንት ግብፆችም ዘንድ ይሠራበት ነበር።)

አሁን ወደ አንድ ወንድማችን ጽሑፍ እንምጣ። ባለፈው እትም «ለየሕፃኑ ታብሌት ይታደል፤ የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል» ብሎ ጽፏል። ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በአገራችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሃያ ሃያ ያህል ልጆች ያለ መምህር ታብሌት ከነሳጥኑ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ሳጥኑን ከፍተው፣ ማብሪያውን አግኝተው፣ ከጥቂት ወራት በኋላም የተዘጋውን ካሜራ እንዲሠራ አድርገውታል። እኛ በዚህ አንጠራጠርም፤ የቦኖዋን ልጅ ያየ ሰው በልጅ ብልሃት አይጠራጠርም። ነገር ግን ሌላም ነገር አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲሰጥ ያዩ ታላላቆቻችን የሚያጫውቱን ይህን ነው። በቴሌቪዥኑ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና፣ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር ደግሞ ዳስተር ይዞ ቆሞ ያያል። ዕቃው መጣ፤ «በምን ያውቃል?» ለሚል ልጅ ግን ቆም ብሎ የሚመልስለት አልነበረም። የኛ የካርቶን ኮምፒዩተርም ከዚያ የተሻለ አልነበረም።

ይህን ስንል ማሽን አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ኋላ «አመድ ይበቃል ብለው ጻፉ» እንዳትሉን። ሜዳ ላይ ልጁ ሲሳሳት ስሕተቱን የምናሳየው እኛ ነን፤ 68 ልጅ ስላለ ለሁሉም አንደርስም። በማሽን ላይ ግን ልጁ የሰጠው ትእዛዝ የት እንደ ተበላሸ ወዲያው ራሱ ያየዋል፤ ማንም ሳይቆጣው ደግሞ ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው «ስክራች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በአማርኛም ይከፈታል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ እዚህ ማሠልጠኛችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞክረነዋል። በዚያ ነጭ ጨርቅ ሥር ያሉት ኮምፒዩተሮች አርጅተውም ቢሆን ይህን ያህል ሳይችሉ አይቀሩም። በልምምዳችን አራት ሳምንት ውስጥ ያ በር አንድም ቀን አልተከፈተም። ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ልጆች ያበላሹታል» የሚል ነው። ወንበርም እኮ ልጆች ያበላሹታል፤ ወንበር ግን አልተቆለፈበትም።

የግምገማ ወረቀታችን ላይ «መርጃ መሣሪያው ከርእሱ ጋር አይገናኝም (ጀሪካን፣ አመድ)» ተብሎ 2 ነጥብ ተቀንሶብናል። ለሁለት ነጥብ አንጣላም። ያንገበገበን ሌላ ነው።

ያ በመጀመሪያው ሳምንት ያወጣነው ፈተና ታረመ። የቦኖዋ ልጅ ከ10 ያገኘችው 3 ነው። «ኪቦርድ ማለት» ለሚለው ምንም አልጻፈችም፤ ባዶውን ትታዋለች። ከኀላፊው መምህር ጋር ተነጋገርን። በሜዳው ላይና በካርዱ የሠራችው ይያዝላት፣ እንደ ተግባር ፈተና ይቆጠርላት ብለን ለመንን። እሳቸውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዳምጠውናል። «ልጆቼ፣ ለአንድ ተማሪ ብቻ ነጥብ አይጨመርም፤ ለ68ቱም መፈተን ነበረባችሁ። የተፈተነው ደግሞ ይሄ ነው» አሉ። መልስ አልነበረንም፤ ፈተናውን ያወጣነው እኛ ነን። ከሦስታችን አንዷ «ቁጥሩን እናስተካክለው፤ ማን ያውቃል?» ብላ ነበር። ሌሊቱን ተከራከርንበት። ጠዋት ሮስተሩን ስንሞላ ግን 3 ብለን በገዛ እጃችን ጻፍን። ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አልተስማማንም፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅም አንድ ጊዜ ተኳርፈናል።

በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ወደዚያ ት/ቤት የምትመደቡ ካላችሁ፣ አምስቱ ካርዶች አራተኛ ክፍል ቁም ሣጥን ላይ ናቸው። የአመዱ ቆርቆሮ ለሻይ ቤቱ ተመልሷል፤ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። ውሃ ግን ከራሳችሁ ይዛችሁ ግቡ።